ስርቆቱ የሚጀምረው ማስታወሻው ላይ ነው

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በተለይ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሰናዳ ነው። አሳይመንት፣ ቴርም ፔፐር ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ስትሠሩ የሌላውን ሰው ሐሳብ እንዴት ትወስዳላችሁ? ከማን እንደወሰዳችሁስ እንዴት ትናገራላችሁ? ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም አብራችሁን ቆዩ። እስክሪብቶና ወረቀት አቅርቡ፤ የምትጽፉት ነገር አለ።

በአንድ ታሪክ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1980 አኔተ ሻቫን የተባሉ ጀርመናዊት ለዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ አቀረቡ። ጽሑፉ የሚያጠናው የሰውን ልጅ ኅሊና ነበር። ዲግሪውን አገኙ፤ ወደ ፖለቲካው ገቡ፤ ደረጃ በደረጃ ወጥተውም የአገሪቱ የትምህርትና የምርምር ሚኒስትር ሆኑ። ጽሑፉ ከቀረበ ከ33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ፣ ዩኒቨርሲቲው “ከሌሎች ጸሐፊዎች ምንጭ ሳይጠቅሱ ወስደዋል” በማለት ዲግሪውን ነጠቃቸው። ሴትዮዋ በቀናት ውስጥ ከሚኒስትርነታቸው ለቀቁ። ክሱን አልተቀበሉትም፤ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ቢወስዱትም አልተሳካላቸውም። ከእሳቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የዚያው አገር የመከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ በተመሳሳይ ምክንያት ከባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ያገኙትን ዶክትሬት አጥተው ሥልጣን ለቀዋል። የእሳቸውን ጽሑፍ ገጽ በገጽ ያበጠሩት በኢንተርኔት የተሰባሰቡ አንባቢዎች ነበሩ።

ሁለቱም በወረቀት ላይ ያኖሩት ነገር ሥልጣን ላይ ደርሶባቸዋል። የእናንተም ጽሑፍ እንዲሁ ነው። ዛሬ ማታ ተጣድፋችሁ የምታስረክቡት አሳይመንት ነገ ከመምህራችሁ ጠረጴዛ ላይ ይነሣ ይሆናል፤ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ግን ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ይቃኛል፤ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ስማችሁም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይኖራል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የሌላን ሰው ቃል ወይም ሐሳብ የራስ አስመስሎ ማቅረብ የጽሑፍ ስርቆት ይባላል። ብዙዎቻችሁ ፕላጂያሪዝም በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ በዚህ ላይ ጊዜ አንፈጅም። የሚያሳስበው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመስረቅ ያላሰበ ተማሪ እንዴት ሰርቆ ይገኛል?

አንዱ ምክንያት ከታች ክፍል ይዘነው የምንመጣው ልማድ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ኖት ቃል በቃል ገልብጠናል፤ እንደ ዳዊት ደግመናል፤ ፈተና ላይ ሳናዛንፍ መልሰን ሙሉ ማርክ አግኝተናል። አሥራ ሁለት ዓመት “ጎበዝ” ያሰኘን ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ግን ጨዋታው ይለወጣል። ያንኑ ያደረገ ተማሪ “ኮፒ ነው” ተብሎ ዜሮ ይሰጠዋል፤ ለምን እንደተቆጡት ሳይገባው አንድ ሴሚስተር ያልፋል።

እዚህ ላይ የአገራችንን የትምህርት ወግ ለብቻው መውቀስ አይገባም። ዳዊት ደጋሚው ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ሌላ ሕግ ነው። ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ መንገር አለበት፤ የሚነግረውም የራሱ የሆነ፣ አዲስ ቅኔ መሆን አለበት። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። መምህሩም ብዙ የሰሙ ናቸውና አይታለሉም። ስለዚህ ሁለቱም ልማድ በእጃችን ነው፤ በቃል መያዙም፣ ከራስ ማመንጨቱም። ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀን ሁለተኛውን ነው።

ስለ ባለቤትነትም ቢሆን ከሩቅ መማር አያስፈልገንም። ብዙዎቻችሁ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አይታችሁ ወይም ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ትልቅ ሥራ የተጀመረው በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነው። ከእሳቸው የተረከቡት ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሲያደክሙበት ኖረው መጽሐፉን በኅትመት ሳያዩት ዐረፉ። አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም ለኅትመት አበቁት። መጽሐፉ ዛሬም የሚጠራው በኪዳነ ወልድ ስም ነው። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለብቻው፣ በ1962 ዓ.ም፣ በራሳቸው ስም አወጡ። መምህራቸው አርፈዋል፤ የእጅ ጽሑፉ በእሳቸው እጅ ነበር። ቢሆንም የመምህራቸውን ለመምህራቸው፣ የራሳቸውን ለራሳቸው አደረጉ። ምንጭ መጥቀስ ከሥሩ ይኸው ነው።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን አጭር ጭውውት እናሰማችኋለን። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አሳይመንቱ “ተመልሶ ይሠራ” ተብሎበት ወደ መምህርቱ ቢሮ ሄዷል። ባለታሪኮቹም፣ የሚነበበው ጽሑፍም ለዚህ ዝግጅት የተፈጠሩ ናቸው።

(በር ሲንኳኳ)

ተማሪ፦ ይቅርታ ቲቸር፣ መግባት ይቻላል?

መምህርት፦ ግባ፣ ግባ። ተቀመጥ። ስለ እምቦጩ አሳይመንት ነው የመጣኸው?

ተማሪ፦ አዎ ቲቸር። “ኮፒ ነው” ብለው ጽፈውበታል። እኔ ግን እውነቴን ነው ኮፒ አላደረግኩም። ሪፈረንስም አስገብቻለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሰባት ጽሑፍ ዘርዝሬያለሁ።

መምህርት፦ ዝርዝሩን አይቼዋለሁ። እስቲ ገጽ ሁለት ላይ ያለችውን ይቺን ዐረፍተ ነገር አንብብልኝ።

ተማሪ፦ (እያነበበ) “አረሙ የሐይቁን ገጽ ሲያለብስ የፀሐይ ጨረርና አየር ወደ ሥር እንዳይዘልቅ ይከለክላል፤ በዚህ ሳቢያ ዓሣው ይመናመናል፤ የአጥማጁም ገቢ ያሽቆለቁላል።”

መምህርት፦ ይቺ የማን ናት?

ተማሪ፦ የ... የእኔ ናት መሰለኝ። ማስታወሻዬ ላይ ነበረች።

መምህርት፦ ማስታወሻውን ይዘኸዋል? (ወረቀት ሲገለጥ) እዚህ ጋ አለች። የጸሐፊው ስም የለም፤ ገጽም የለም። አሁን ደግሞ ያነበብከውን ጽሑፍ ስማ። “እምቦጭ የሐይቁን ፊት ሲሸፍን የፀሐይ ብርሃንና ኦክስጅን ወደ ታች እንዳይደርስ ያግዳል፤ በዚህ ምክንያት ዓሣው ይቀንሳል፤ የአጥማጁም ገቢ ይወርዳል።”

ተማሪ፦ (ዝም ይልና) ግን ቲቸር፣ ቃላቱን እኮ ቀይሬያቸዋለሁ!

መምህርት፦ ቃላቱን ቀይረሃል፣ ልክ ነው። “ይሸፍናል” ያለውን “ያለብሳል” ብለሃል፤ “ያግዳል” የነበረው “ይከለክላል” ሆኗል። የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ግን አልተነካም። አንተ የሠራኸው ተመሳሳይ ቃል መፈለግ ብቻ ነው።

ተማሪ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

መምህርት፦ ወረቀቱን ገልብጠው። አትየው። ያነበብከውን አሁን ለእኔ ንገረኝ።

ተማሪ፦ በቃሌ? እ... ሰው ስለ እምቦጭ ሲያወራ ከላይ የሚታየውን አረንጓዴውን ነው። ጉዳቱ ግን ታች ነው። ውኃው ብርሃንና አየር ሲያጣ መጀመሪያ የሚጎዳው ዓሣው ነው፤ ቀጥሎ በዓሣው የሚኖረው ሰው።

መምህርት፦ ይኸው! አሁን የተናገርከውን ጻፈው። አስከትለህ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና ገጹን አድርግ።

ተማሪ፦ በራሴ ቃል ከጻፍኩትም በኋላ?

መምህርት፦ እንዴታ! አነጋገሩ ያንተ ሆነ እንጂ ውኃው ብርሃን አጥቶ ዓሣው እንደሚቀንስ ያወቅኸው ከእሱ ነው። ሐይቁን አንተ አልለካኸውም።

ተማሪ፦ ገባኝ ቲቸር። እስከ መቼ ላስገባ?

መምህርት፦ እስከ ሰኞ። ማስታወሻህንም አብረህ አምጣልኝ።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ መምህርቱ ለምን ማስታወሻውን አምጣ አሉ? ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ተማሪው ሲያነብ ገለበጠ፤ ሲገለብጥ የማን እንደሆነ አልጻፈም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማስታወሻውን ሲከፍት ሁሉም በራሱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁሉም የራሱ መሰለው። የጽሑፍ ስርቆት አሳይመንቱ የሚረከብበት ሌሊት የሚፈጸም ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተፈጸመው ቀደም ብሎ፣ ማስታወሻ በተያዘበት ሰዓት ነው።

ተማሪው “መጨረሻ ላይ ዘርዝሬያለሁ” ማለቱንም ልብ በሉ። ይህ ትልልቅ ሰዎችንም የጣለ ስሕተት ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1955 ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን የዶክትሬት ጽሑፍ በ1991 አንድ የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ መረመረው። ከሌሎች ጸሐፊዎች በአግባቡ ሳይጠቀስ የተወሰደ ክፍል እንዳለበት አረጋገጠ። ዲግሪው አልተነጠቀም፤ ይህንኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ግን በቤተ መጻሕፍቱ ካለው ቅጂ ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። የዋቢ ዝርዝር መጨረሻ ላይ መኖሩ ለአንባቢ የሚነግረው እነዚህን መጻሕፍት እንዳያችሁ ብቻ ነው። የትኛው ዐረፍተ ነገር ከየትኛው መጽሐፍ እንደመጣ አይነግረውም። ያንን የሚነግረው እዚያው ዐረፍተ ነገሩ አጠገብ የሚቀመጠው ጥቆማ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እንግዲህ ወረቀታችሁን አቅርቡ። ማስታወሻ አያያዝ እንለማመድ።

አንደኛ። አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ገጹ ራስ ላይ ምንጩን ጻፉ፦ የጸሐፊው ሙሉ ስም፣ የጽሑፉ ርዕስ፣ የታተመበት ዓመት፣ ስንተኛ ዕትም እንደሆነ፣ አሳታሚው ወይም ማተሚያ ቤቱ። ከኢንተርኔት ከሆነ አድራሻውንና ያነበባችሁበትን ቀን ጨምሩ፤ ድረ ገጽ ነገ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ። ገጹን በግራ በኩል አስምሩና ጠባብ ዓምድ አውጡ። ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ፊት ከሦስት ፊደላት አንዱን ጻፉ። ቃል በቃል ከገለበጣችሁ “ጥ”፣ ጥቅስ ማለት ነው፤ ወዲያውኑም በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት። የጸሐፊውን ሐሳብ በራሳችሁ አነጋገር ከጻፋችሁ “ሐ”። የእናንተው ሐሳብ፣ ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ከሆነ “የ”፣ የእኔ። ለ“ጥ” እና ለ“ሐ” ሁሌም ገጽ አስከትሉ።

ሦስተኛ። መጻፍ ስትጀምሩ መጽሐፉን ዝጉት። በማስታወሻው ብቻ ጻፉ። “የ” የሚል ምልክት ያለበት ነገር ማስታወሻችሁ ውስጥ ከሌለ ገና አላሰባችሁበትም ማለት ነውና ለመጻፍ አትቸኩሉ። አሳይመንቱን የእናንተ የሚያደርገው ይህ ምልክት ነው።

ቃል በቃል መጥቀስ ያለባችሁስ መቼ ነው? አነጋገሩ ራሱ አስፈላጊ ሲሆን ነው። የሕግ አንቀጽ ሲሆን፣ ትርጓሜ ሲሆን፣ የምትተቹት ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ የግጥም ስንኝ ሲሆን። ከዚያ ውጭ በራሳችሁ አነጋገር መጻፍ ይሻላል። ጥቅስ በጥቅስ የተደረደረ አሳይመንት ምንጩ ሁሉ ቢጠቀስ እንኳ የእናንተ ድምፅ አይሰማበትም።

ምንጩን ስትጠሩ ደግሞ ግሡን ምረጡ። ጸሐፊው ማስረጃ አቅርቦ ከሆነ “ያሳያል”፣ እየተሟገተ ከሆነ “ይከራከራል”፣ እርግጠኛ ካልሆነ “ይገምታል” በሉ። ሁሉንም “ይላል” ማለት ግምቱንም ማስረጃውንም አንድ ያደርገዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የአጠቃቀስ ስልቶች ብዙ ናቸው። በሥነ ልቦና፣ በትምህርትና በማኅበራዊ ሳይንስ የሚዘወተረው ኤፒኤ ነው፤ ሰባተኛው ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። በሥነ ጽሑፍና በቋንቋ ኤምኤልኤ፣ በታሪክ ቺካጎ፣ በምሕንድስና አይ ትሪፕል ኢ ይገኛሉ። የትምህርት ክፍላችሁ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁና አንዱን ያዙ፤ አታደባልቁ። ነጥብና ሰረዙን ከመመሪያው ማየት ትችላላችሁ። መመሪያው ላይ የማታገኙት ግን የእኛው አገር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

መጀመሪያ ስም። እነዚህ ስልቶች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። “የመጨረሻውን ስም አስቀድም” ይላሉ። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የመጨረሻው ስም የአባት ነው። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ኮምፒውተር በራሱ ሲጠቅሰው “ዘውዴ፣ ባ.” ብሎ ያስቀምጠዋል። መጽሐፉን የጻፉት ግን ባሕሩ ናቸው፤ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጸሐፊ ስም እንደሚጠራው ይጻፍ፦ የራስ ስም ቀድሞ፣ የአባት ስም ተከትሎ፣ ሳያጥር። በኢትዮጵያ ጥናት የቆየው ልማድም ይህ ነው። በተለይ ድርብ ስሞችን ተጠንቀቁ። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ሲባል “ተክለ ጻድቅ” አንድ ስም ነው፤ ማሽኑ “ተክለ” ላይ ሊቆርጠው ይችላል። እንደ ዞቴሮ ያሉ ሶፍትዌሮች ስምን በአንድ ሳጥን ውስጥ እንዳለ የመጻፍ አማራጭ አላቸው፤ እሱን ተጠቀሙ። አማካሪያችሁ በውጭው ልማድ ጻፉ ካለም ቢያንስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ይሁን። የአማርኛ ዋቢ ዝርዝርን በሀ ሁ ቅደም ተከተል አድርጉ፤ ሐዲስ ዓለማየሁን በ“ሐ” እንፈልጋቸዋለን እንጂ በ“ዓ” አይደለም። “ዶክተር” እና “አለቃ” የመሳሰሉት ማዕረጎች ስም አይቀድሙም፤ የሚጨመሩ ከሆነ ከስሙ በኋላ በቅንፍ ይግቡ።

ቀጥሎ ዘመን። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። በእንግሊዝኛ በምትጽፉት አሳይመንት ላይ ዝም ብላችሁ 1958 ብላችሁ ብታስቀምጡት አንባቢ መጽሐፉ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የታተመ ይመስለዋል። ስምንት ደምራችሁ 1966 ብትሉም ላይሆን ይችላል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው። የታተመበትን ወር ካላወቃችሁ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጽፋችሁ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹ፤ ወይም ሁለቱንም ዓመት፣ 1965/66፣ አስቀምጡ። በአማርኛ ስትጽፉ በተቃራኒው የውጭውን ዓመት “እ.ኤ.አ.” በሉት።

ሦስተኛ፣ የጽሑፉ መልክ። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ማተሚያ ቤት እንጂ አሳታሚ አይጠቅሱም፤ ያለውን ጻፉ። በቴሌግራም የተላከላችሁ ፒዲኤፍ ከሆነ ምንጩ ቴሌግራም አይደለም፤ መጽሐፉ ነው። የፊት ገጹ የተቆረጠና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ከሆነ ሙሉውን ቅጂ ፈልጉ፤ ካልተገኘ ተዉት። ዊኪፔዲያንም እንደ በር ተጠቀሙበት፤ ግርጌው ላይ ወደ ጠቀሰው ጽሑፍ ሂዱና ያንን አንብባችሁ ጥቀሱ።

አራተኛ፣ ከሰው አፍ የተሰማ ነገር። ስለ አካባቢያችሁ ታሪክ አንዲት እናት ወይም አንድ ሽማግሌ ያጫወቷችሁን ስትጽፉ እሳቸውም ምንጭ ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ስማቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ከፈለጉ ያንን አክብሩ። ኤፒኤን የሚከተል ሰው ቃለ መጠይቁን በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ይጠቅሳል፤ በአማርኛ መመረቂያ ጽሑፎች ግን የመረጃ አቀባዮችን በአባሪ መዘርዘር የተለመደ ነው። አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ በጥንቃቄ ጠቅሶ እናቶችን “የአካባቢው ነዋሪ” ብሎ ማለፍ ደግ አይደለም።

(የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሁሉን ነገር መጥቀስ አለብን ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የለባችሁም። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ምንጭ አያሻውም። በዚያ ጦርነት ስንት ሰው ተሰለፈ ካላችሁ ግን ቁጥሩ ከጸሐፊ ጸሐፊ ስለሚለያይ የማንን ቁጥር እንደወሰዳችሁ ንገሩን። ከተጠራጠራችሁ ጥቀሱ፤ ምንጭ አበዛህ ተብሎ የተባረረ ተማሪ የለም።

ሳይታወቁ የሚፈጸሙ ሌሎች ጥፋቶችም አሉ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ባለቤትነትን አይለውጥም፤ የተረጎማችሁት አንቀጽ አሁንም የባለቤቱ ነው። ለአንድ ኮርስ የሠራችሁትን አሳይመንት ሳትናገሩ ለሌላ ኮርስ ማስገባትም አይፈቀድም። ያላነበባችሁትን መጽሐፍ ሌላው ስለጠቀሰው ብቻ ያነበባችሁት አስመስላችሁ አትዘርዝሩ፤ “በእከሌ እንደተጠቀሰው” በሉ። የቡድን ሥራ ላይ “ስሜን ብቻ ጻፍልኝ” የሚለውን ጓደኛም አስቡት፤ ያልሠራበትን ሥራ በስሙ ማቅረቡ ያው ነው። በገንዘብ ሪሰርች አሠርቶ ማስገባትማ ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የወርቁን ባለቤት ስም ስትጠሩ ግን ያደምቃል፤ ምንጭ የጠቀሰ ተማሪ ምን ያህል እንዳነበበ ታይቶለታልና።

ስለ ሶፍትዌሮቹም አንድ ነገር እንበል። እንደ ተርኒቲን ያሉት የሚለኩት ተመሳሳይነትን ነው፤ ስርቆትን አይደለም። “ሃያ በመቶ በታች ነው፣ አለፍኩ” የሚል ተማሪ ተሳስቷል። በአግባቡ የተጠቀሱ ጥቅሶችና የዋቢ ዝርዝር ቁጥሩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። በሌላ በኩል አምስት በመቶ የምትለው ምናልባት አንድ ሙሉ የተሰረቀ አንቀጽ ናት። ፍርዱን የሚሰጠው ጽሑፉን የሚያነበው መምህር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያማምሩ ምንጮችን ከነዓመታቸውና ከነገጻቸው ይደረድርላችኋል፤ ከመካከላቸው ጨርሶ የሌሉ ሊኖሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች በዚህ መሣሪያ ያገኟቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች በአቤቱታቸው ጠቅሰው አቀረቡ። ውሳኔዎቹ የሉም፤ መሣሪያው የፈጠራቸው ነበሩ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ስለዚህ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ምንጭ አትጥቀሱ። መምህራችሁ መሣሪያውን መጠቀም ከፈቀደም ለምን እንደተጠቀማችሁበት በግልጽ ጻፉ፤ ካልፈቀደ አትንኩት።

የሕግም ጉዳይ አለው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ የሥራው ባለቤት ተብሎ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ምንጩና የደራሲው ስም እስከተገለጸ ድረስ በተገቢው መጠን መጥቀስንም ይፈቅዳል። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ያበቃል። በ1911 ዓ.ም ያረፉትን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሥራ ዛሬ ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ሐሳባቸውን የራሴ ነው ማለት ግን ዛሬም አይቻልም። በሕግ መፈቀዱና በትምህርት ቤት ሐቀኛ መሆን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

አድማጮቻችን፣ የዛሬውን የቤት ሥራ ሰጥተናችሁ እንለያይ። በቅርቡ ያስገባችሁትን ወይም ልታስገቡ ያዘጋጃችሁትን አንድ አሳይመንት አውጡ። አንድ አንቀጽ ምረጡና ከእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ፊት “ጥ”፣ “ሐ” ወይም “የ” ብላችሁ ጻፉ። የማን እንደሆነ መወሰን ያቃታችሁ ዐረፍተ ነገር ካለ ወደ ምንጩ ተመለሱና አረጋግጡ። ገና ያላስረከባችሁት ከሆነ አስተካክሉት። ካስረከባችሁት ደግሞ መምህራችሁ ሳያገኘው ሄዳችሁ ንገሩት፤ አብዛኛው መምህር ራሱ የመጣን ተማሪ የሚያየው ተይዞ ከመጣው በተለየ ዓይን ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚጠብ እንነጋገራለን። እስከዚያው መልካም ንባብ፣ መልካም ጽሕፈት ይሁንላችሁ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)